አዲስ ናስና መዳብ በሰጋቱራ፣ በአቼቶና በጨው የዕድሜ መልክ እንዲይዝ ማድረግ

ከሽሮ ሜዳ ወይም ከመርካቶ የተገዛ አዲስ የናስ መስቀል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል መጀመሪያ የሚታየው ብልጭታው ነው። ጎድጓዳውም ከፍ ያለውም እኩል ስለሚያበራ፣ ሠሪው የደከመበት ሐረግና ጥልፍልፍ ትንሽ ራቅ ሲሉ አይለይም። ጎድጓዳው ጠቁሮ ጠርዙ ወርቅማነቱን ይዞ ሲቀር ግን ያው መስቀል ሌላ ሥራ ይመስላል። ዕቃን የዕድሜ መልክ የማስያዝ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፤ የተቀረጸውን ማውጣት። መቅረዝ፣ የበር እጀታ፣ የመስታወት ፍሬም፣ የአምፖል መያዣ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች ከሱቅና ከአናጢ ቤት የሚገኙ ናቸው፦ አቼቶ፣ ጨው፣ ሰጋቱራ፣ እንቁላል፣ ሰም። ዋናው ወጪ ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው እጥበት እስከ መጨረሻው ሰም ድረስ አንድ ሳምንት ያህል መድቡለት።

መዳብ ለምን ቀለሙን ይለውጣል?

መዳብ ከአየር ጋር ሲቆይ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል። ይህ መዳቡ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። እርጥበት፣ በአየር ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከከሰልና ከነዳጅ ጭስ የሚመጣ ድኝ፣ በባሕር ዳርቻ ደግሞ ጨው ሲጨመርበት አረንጓዴው ይከተላል። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የቆመችው የነጻነት ሐውልት በ1886 እ.ኤ.አ. ስትመረቅ የመዳብ መልክ ነበራት። ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር የሆነው የመዳብ ልባሷ ዛሬ የምናየውን አረንጓዴ እስኪይዝ አሥርት ዓመታት ወስዷል። ይህ ሽፋን አንዴ ከጸና ከሥሩ ያለውን መዳብ ከመበላት ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም፤ እየተላጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እኛ የምናደርገው ተፈጥሮ በዓመታት የምትሠራውን በጨውና በአቼቶ እንፋሎት ወደ ቀናት ማሳጠር ነው።

ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ነው፤ ነሐስ ደግሞ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ንጹሕ መዳብ ቀለም ለመያዝ ፈጣን ነው፤ ነሐስ ይከተለዋል፤ ናስ ዚንክ ስላለበት ይዘገያል። ስለዚህ መዳብ ላይ በአንድ ሌሊት ያገኛችሁትን መልክ ናስ ላይ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ብታገኙት አትደነቁ።

ዕቃችሁ ምን እንደሆነ ለዩ

ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፤ ከላይ የናስ ቅብ ብቻ ነው ያለው። ቅቡ በጣም ስስ ስለሆነ አቼቶና ጨው በልተውት ከሥር ብረቱ ይዝጋል፤ እንዲህ ያለውን ተዉት። አሉሚኒየምና አይዝጌ ብረትም በዚህ አሠራር መልክ አይይዙም።

ፋብሪካ የሠራው ናስ ብዙ ጊዜ እንዳይጠቁር የማይታይ ቫርኒሽ ተቀብቶ ይመጣል። ለማወቅ አንድ ማንኪያ አቼቶ ውስጥ ቁንጥር ጨው አሟሙና በማይታይ ጎኑ ላይ አንዲት ጠብታ አኑሩ። ደርቆ ምንም ምልክት ካልተወ ቫርኒሽ አለበት ማለት ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጨርቅ ነክራችሁ እያሻችሁ አንሡት። የእጅ ሥራ መስቀሎች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለባቸውም።

የምትጠቀሙበትን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት መሞከሪያ ቁራጭ ይኑራችሁ። ለመዳብ ከተቆረጠ የመብራት ሽቦ ላይ ፕላስቲኩን ልጣችሁ ሽቦውን በመዶሻ ጠፍጥፉት። ለናስ የማይሠራ የናስ ቁልፍ ይበቃል። እያንዳንዱን ደረጃ በቁራጩ ላይ አስቀድሙ፤ የየአካባቢው አየር፣ የየሱቁ አቼቶና የየአናጢው ሰጋቱራ የሚሰጡት ቀለም ይለያያል።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ስለ ጤና

በረኪና ወደዚህ ሥራ ፈጽሞ አይግባ። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪና የነበረበት ባልዲ ወይም ሳፋ እንኳ በደንብ ሳይታጠብ አትጠቀሙ። ቤታችን ውስጥ በረኪና የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ይህን ደግሜ እላለሁ፦ አብረው አይቀመጡ፣ አብረውም አይሠሩ።

ሌላው፣ አረንጓዴው ሽፋን መርዝነት አለው። የሚበላበት፣ የሚጠጣበት ወይም የሚበሰልበት ዕቃ ላይ አይሠራም። ጓንት አድርጉ፤ ደርቆ ዱቄት የሆነውን ስትቦርሹ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ሥራውን ሕፃናት በማይደርሱበት በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ሥሩ።

አንደኛ፦ ስቡን ማስለቀቅ

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጣት አሻራ ያለበት ቦታ ላይ ቀለም አይወጣም፤ አሻራው ራሱ እንደ ማኅተም ታትሞ ይቀራል። ዕቃውን በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ በተለይ ጎድጓዳውን። ቀጥሎ በሎሚና በጨው አሹትና ያለውን ጥቁረት አንሡ። ለስላሳ ወለል ያለው ዕቃ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ ብትፍቁት ቀለሙ የሚይዝበት ሻካራነት ያገኛል። በብዙ ውኃ አለቅልቁት።

ንጽሕናውን የምታውቁት በውኃው ነው። ውኃው በገጹ ሁሉ ላይ እኩል ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ እየተሰበሰበ ጠብታ ከሠራ ገና ስብ አለበት፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አትንኩት።

ሁለተኛ፦ መዳብና ነሐስ ከሆነ፣ ቡናማውን ማስቀደም

አረንጓዴ ቀለም በአንጸባራቂ መዳብ ላይ በቀጥታ ሲቀመጥ የተቀባ ይመስላል። ከሥሩ ቡናማ ሲኖር ግን ጥልቀት ያገኛል። ቡናማውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ እንቁላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል 15 ደቂቃ ያህል ቀቅሉ፤ አብዝቶ መቀቀሉ ከአስኳሉና ከነጩ የሚወጣውን የድኝ ጋዝ ይጨምረዋል። ትኩስ እንደሆኑ ከነቅርፊታቸው ጨፍልቃችሁ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። መዳቡን በትንሽ ሳህን ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው አኑሩትና ክደኑ። እንቁላሉ ዕቃውን አይንካው፤ የሚሠራው ጋዙ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወርቅማ ቡናማ፣ በጥቂት ሰዓታት ደግሞ ጥቁር ቡናማ ይሆናል። የወደዳችሁት ቀለም ላይ ሲደርስ አውጡት።

ብርም በዚህ መንገድ በደንብ ይጠቁራል። ናስ ግን እንቁላልን ብዙም አይሰማውም። የናስ ዕቃ የያዘ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ቀጣዩ ይሂድ፤ ጥቁረቱን በሰሙ ጊዜ እንመልስለታለን። ውጭ አገር ያላችሁ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የፖታሲየምና የድኝ ውሕድ ብታገኙ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ በጣም አቅጥናችሁ ተጠቀሙበት።

ሦስተኛ፦ አረንጓዴው፣ በሰጋቱራ

ይህን ዘዴ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። አቼቶና ጨው በቀጥታ የተረጨበት ዕቃ ፈሳሹ በወረደበት መስመር እየተዥጎረጎረ ይወጣል፤ ደርቆም እንደ ኖራ ይረግፋል። ሰጋቱራ ግን እርጥበቱን ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሰጥ፣ እያንዳንዱ ፍርፋሪ የነካበትና ያልነካበት ቦታ ስለሚለይ፣ የሚወጣው ቀለም በሰው እጅ የተሠራ አይመስልም።

ከአናጢ ቤት ንጹሕ የእንጨት ሰጋቱራ አምጡ። የቀለም፣ የቫርኒሽ ወይም የኮምፔርሳቶ ብናኝ የተቀላቀለበትን አትውሰዱ፤ ሙጫው ያበላሸዋል። ደቃቅ ሰጋቱራ ጥቅጥቅ ያለ ቀለም ይሰጣል፤ ሻካራው ነጠብጣብ ያበዛል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ጥሩ ነው።

ለአንድ ሊትር ሰጋቱራ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ያዙ። ጨውን በአቼቶው ውስጥ አሟሙና ሰጋቱራው ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ አሹት። በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ነገር ግን ውኃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ካንጠባጠበ ደረቅ ሰጋቱራ ጨምሩ። የጨው መጠን ሲበዛ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ሲያንስ ቡናማው ይበረታል።

ክዳን ባለው ባልዲ ወይም በወፍራም ፌስታል ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ሰጋቱራ አንጥፉ፤ ዕቃውን አስቀምጡና በላዩ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ጨምሩ። አትጠቅጥቁት፤ አየር ያስፈልገዋል። ከድናችሁ ሞቅ ባለ ቦታ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ጥግ አኑሩት። በበጋ ቶሎ ስለሚደርቅ በየዕለቱ ከፍታችሁ እዩት፤ ከደረቀ አቼቶ እርጩበት። በክረምት አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ ብዙም መንካት አያስፈልግም።

መዳብ በአንድ ቀን ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ናስን ከሁለት እስከ አራት ቀን ተዉት። ስታወጡት የተጣበቀውን ሰጋቱራ በእጅ አትፍቁ። እንዳለ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ይረግፋል። ገና እርጥብ ሳለ የሚታየው ቀለም አያታልላችሁ፤ ትክክለኛው አረንጓዴ የሚወጣው አየር አግኝቶ ሲደርቅ ነው። የሳሳበት ቦታ ካለ ለዚያ ቦታ ብቻ ሰጋቱራ ጭናችሁ መድገም ይቻላል። ሁለት ቀጫጭን ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይበልጣል፤ ወፍራሙ ይረግፋል።

በአሞኒያ ማጠን፣ ለሚችል ሰው

ደማቅ ሰማያዊ የፈለገ ሰው አሞኒያ መጠቀም ይችላል። ለቤት ጽዳት የሚሸጠው ቀላሉ ይበቃል፤ ለፋብሪካ የሚውለውን ብርቱውን አትንኩ። ባልዲ ሥር በትንሽ ኩባያ ግማሽ ብርጭቆ አሞኒያ አድርጉ። ዕቃውን በጨው ውኃ አርጥባችሁ ፈሳሹን እንዳይነካ በክር ከላይ አንጠልጥሉትና ባልዲውን ክደኑ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እያያችሁ እስከ አንድ ሌሊት አቆዩት። ጨው ሳትጠቀሙ ካጠናችሁት ናስ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ይህም ለናስ ጥሩ መልክ ነው። ክዳኑን የምትከፍቱት ከቤት ውጭ፣ ፊታችሁን መልሳችሁ ነው።

ግን ተጠፍጥፎ ወይም ታጥፎ የተሠራን ስስ ናስ በአሞኒያ አታጥኑ። የእንግሊዝ ጦር በሕንድ ሳለ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የሚያከማቻቸው የናስ ቀለሆች እየተሰነጠቁ አስቸግረውት ነበር። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. በግልጽ ታወቀ፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ በሥራ ጊዜ የተወጠረውን ናስ እየገባ ይሰነጥቀዋል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ መስቀል ወይም መቅረዝ ይህን ያህል ውጥረት ስለሌለበት አያሰጋም። ክብደት የሚሸከም ማንጠልጠያ፣ ሰንሰለትና ስስ ሳህን ግን በሰጋቱራው ብቻ ይሠሩ።

አራተኛ፦ ማስቆም

ቀለሙ ሲበቃችሁ ሥራውን ማስቆም አለባችሁ፤ ውስጡ የቀረ አሲድና ጨው መብላቱን አያቆምም። ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙና ዕቃውን ደጋግማችሁ በቀስታ ንከሩት፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። አታሹት። ፀሐይ ላይ አድርቁትና ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲሁ ተዉት። በእነዚህ ቀናት ቀለሙ ጥቂት ይለወጣል፤ ሳይረጋ ሰም የተቀባ ዕቃ ከሰሙ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ያወጣል።

አምስተኛ፦ ማበስ

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሥራ ዕቃውን አረንጓዴ ብቻ ነው ያደረገው። ያረጀ የሚያስመስለው አሁን የምታነሡት ነው። አዲስ ዕቃን በዕድሜ ለማስመሰል የሚሞክሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ሁሉን እኩል አረንጓዴ አድርገው ይተዉታል። እውነተኛ ዕድሜ እኩል አይደለም። የሰው እጅ የነካው ያበራል፤ ያልደረሰበት ይጠቁራል።

ለዚህ የካህናትን የእጅ መስቀል ማስተዋል ትልቅ ትምህርት ነው። ምእመናን ግንባራቸውን የሚነኩበትና የሚሳለሙት ገጽ ለስልሶ ያበራል፤ በእጅ የሚያዘው ዘንግ ከሁሉ ይበልጥ ያበራል፤ በሐረጎቹ መገናኛና ቀዳዳዎቹ ውስጥ ግን ጥቁረቱ አለ። የበር እጀታ ከሆነ አውራ ጣት የሚያርፍበትን አስቡ። መቅረዝ ከሆነ ሲነሣ የሚጨበጠው አንገቱ ነው፤ ሰም የሚፈስበት አፉ ደግሞ ይጠቁራል። መጀመሪያ ዕቃውን ይዛችሁ እንደምትጠቀሙበት አድርጉ፤ እጃችሁ የት የት እንዳረፈ ተመልከቱ፤ ከዚያ እነዚያን ቦታዎች ብቻ ግለጡ።

መግለጫው በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ በተነፋ አመድና በጥቂት ውኃ የራሰ ጨርቅ ያው ሥራ ይሠራል። ጨርቁን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፤ ከፍ ያለውን ብቻ እንዲነካ፣ ወደ ጎድጓዳው እንዳይገባ። በአንድ አቅጣጫ አትጎትቱ፤ የመስመር ጭረት የእጅ መንካት አይመስልም። እያበሳችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት። ጥቂት ማንሣትና ማቆም ይሻላል፤ የተነሣውን ለመመለስ ወደ ሰጋቱራው መመለስ አለና።

ስድስተኛ፦ ሰም

ሰም ቀለሙን ይጠብቀዋል፤ ግን ያጨልመዋልም። ደረቁ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሰም ሲነካው ሊጠፋ እስኪደርስ ድረስ ይጠልቃል። ስለዚህ በመሞከሪያው ቁራጭ ላይ ሳታዩ አትቀቡ፤ ነጣ ያለውን የምትወዱ ከሆነ ከምትፈልጉት በላይ አድምቃችሁ ሥሩት።

የንብ ሰም እንጠቀም። ከጠጅ ጣዮች ወይም ከማር ነጋዴ የተገዛ ሰፈፍ በውኃ ተቀቅሎ በጨርቅ ሲጣራና ሲረጋ ንጹሕ ሰም ይወጣዋል። የሱቅ ሻማ አብዛኛው ፓራፊን ስለሆነ እንደ ንብ ሰም አይጣበቅም። አንድ እጅ ሰም በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ ጣሳውን በፈላ ውኃ ድስት ውስጥ አቅልጡ። ከእሳቱ አንሡትና ራቅ አድርጋችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ ሦስት እጅ ተርፐንታይን ጨምራችሁ አማስሉ። ተርፐንታይን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ምድጃ አጠገብ አይቀርብም። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይረጋል።

ናስ የያዛችሁ፣ የጥቁረቱ ነገር እዚህ ነው። ከሰሙ ጥቂቱን ለይታችሁ ከጭስ ማውጫ ወይም ከኩራዝ የተጠረገ ጥላሸት ቀላቅሉበት። በጥርስ ብሩሽ ወደ ጎድጓዳው አስገቡትና ከፍ ያለውን ወዲያው በጨርቅ ጥረጉ። ሐረጉ ተለይቶ ይወጣል።

ዕቃውን ፀሐይ ላይ አሙቁት፤ ያለ ቀለም የቀረውን ሰም በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ቀቡ፤ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ በሌላ ጨርቅ ወልውሉት። በማግስቱ ድገሙት። ቫርኒሽ ለምን አልመረጥኩም? ውጭ ዝናብ ለሚያገኘው ዕቃ ግልጽ ቫርኒሽ ይሻላል። ቤት ውስጥ ግን የፕላስቲክ መልክ ይሰጠዋል፤ ሲላጥም ማደስ ያስቸግራል።

ብረት ከሆነ

ተራ ብረት አረንጓዴ ሳይሆን የዝገት ቀይ ይይዛል፤ ሥራውም አጭር ነው። ስቡን አስለቅቁ፤ ዚንክ የተነከረ ከሆነ አይሆንም። አቼቶ ቀብታችሁ አድርቁት። ቀጥሎ ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሁለት ብርጭቆ፣ አቼቶ ሩብ ብርጭቆ፣ ጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀላቅላችሁ ፀሐይ ላይ እርጩት። በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። እየደረቀ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በግልጽ ቫርኒሽ ዝጉት። የተረፈውን ድብልቅ ጠርሙስ ውስጥ አፍናችሁ አታስቀምጡ፤ ጋዝ ስለሚፈጥር ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ የማይሠራበት ዕቃ

ከአያት የተወረሰ ወይም የቤተ ክርስቲያን የሆነ አሮጌ ዕቃ ላይ ይህን አትሞክሩ። ማጽዳቱም ማጥቆሩም ጉዳት ነው፤ በላዩ ያለው ሽፋን የታሪኩ ክፍል ነው። በእናንተ እጅ የተሠራውንም ስትሸጡ ወይም በስጦታ ስትሰጡ አዲስ መሆኑን ንገሩ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለሚከለክል፣ ያረጀ የሚመስል መስቀል ይዞ የሚጓዝ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። አዲስ ሆኖ ሳለ የተገዛበትን ደረሰኝና ከሥራው በፊት የተነሣውን ፎቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የአንገት መስቀልም ከቆዳ ጋር በላብ ስለሚነካካ አረንጓዴው ባይሠራበት ይሻላል።

ከተሰቀለ በኋላ

በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃዋል። ሎሚ፣ አመድ፣ የናስ ማጽጃ ቅባት አይነካው፤ የሳምንት ሥራችሁ በደቂቃ ይነሣል። የቤት ሠራተኛ ካለች አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ቆሻሻ መስሏት በትጋት እንዳታጸዳው። ሰሙን ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ አድሱት። አንድ ቦታ ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ተነሥቶ በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ጨው ቀርቷል ማለት ነው። ሰሙን በተርፐንታይን አንሡ፤ ቦታውን በሶዳ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ በፀሐይ በደንብ አድርቁና እንደገና ሰም ቀቡ።